ለሰው የሚላክ ብልህ ፈጠራ እንዴት ይገኛል? እንዴትስ ይፈተናል?

የድሬዳዋ ሙቀት ሲጠና ከስልክ ወደ ስልክ ከሚዘዋወሩት ቪዲዮዎች አንዱ የጠርሙስ ማቀዝቀዣው ነው። ከወገባቸው የተቆረጡ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አፋቸው ወደ ቤት ውስጥ ዞሮ በተበሳ ጣውላ ላይ ይደረደራሉ፤ ጣውላው መስኮት ላይ ይገጠምና ቤቱ ያለ መብራት በ5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ይባላል። ሐሳቡ ያምራል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ግን አይሠራም።

ብልህ ንድፍ፣ ጠቃሚ ዕቃ ወይም የሚያስገርም ድረ ገጽ ፈልጎ ለሌላው ማካፈል ደስ የሚል ሥራ ነው። ሆኖም የላካችሁለት ሰው አምኖ ጣውላ ይገዛል፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይበሳል። ስለዚህ ከፍለጋው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚገባው ፍተሻው ነው፤ እዚህም ሰፊውን ቦታ የያዘው እሱ ነው።

ፍለጋው

“አስደናቂ ፈጠራ” ብላችሁ አትፈልጉ። የሚመጣላችሁ ሁሉም ሰው አይቶ የጨረሰው ነው። ችግሩን ጻፉ፦ “ውሃ ያለ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ”፣ “ጨለማ መጋዘን ቀን ላይ ማብራት”። በእንግሊዝኛም ሞክሩት፤ የተለየ ውጤት ይሰጣል።

ኢንስትራክተብልስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ሥራው በደረጃ፣ ከነዕቃ ዝርዝሩ ይቀመጣል። ሃካዴይ ኤሌክትሮኒክስ ለሚነካካ ሰው ነው። አፕሮፒዲያ በትንሽ ወጪ የሚሠሩ ነገሮችን ይሰበስባል፤ መልኩ ደረቅ ቢሆንም ለእኛ አገር ኑሮ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። ያንኮ ዲዛይን ዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን እዚያ ከሚታየው ብዙው በኮምፒውተር የተሳለ ሐሳብ እንጂ ተሠርቶ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።

ያገኛችሁትን ወዲያው ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ ከሊንኩ ሥር ቀኑንና ለምን እንደወደዳችሁት በአንድ መስመር ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ያቺን መስመር አንብባችሁ ነገሩ ካልሳባችሁ ሰርዙት።

ፎቶ ነው ወይስ ሥዕል?

ገመድ፣ ብሎን፣ መገጣጠሚያ የማይታይበት ዕቃ፣ ከአንድ ጎን ብቻ የተነሳ፣ ጀርባው ነጭ የሆነና የማንም ሰው እጅ ያልነካው ከሆነ ሥዕል ነው ብላችሁ ጀምሩ። ምስሉን በጎግል ሌንስ ፈልጉት። ቲንአይ በተባለው የምስል መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ ደርድሩት፤ የመጀመሪያው ባለቤት ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ገጹ ከጠፋ አድራሻውን የድሮ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ወይባክ ማሽን ውስጥ አስገቡት። የሠሪውን ስም ሳታገኙ “አንድ ወጣት ፈለሰፈው” ብላችሁ አትላኩ።

ሒሳቡን መሥራት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ከባድ ስለሚመስል ይዘለላል እንጂ የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ዕቃው ይሰጣል የተባለው ኃይል፣ ቅዝቃዜ ወይም ብርሃን ከየት ይመጣል?

ከጠርሙሱ እንጀምር። ሥራው በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከባንግላዴሽ ወጥቶ ዓለምን አዳርሷል። የሚሰጠው ማብራሪያ አየሩ በጠባቡ አፍ ሲጨመቅ ይቀዘቅዛል የሚል ነው። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ጥሩ ነፋስ መስኮቱን የሚገፋበት ግፊት 14 ፓስካል ገደማ ነው። በድሬዳዋ ከፍታ የአየሩ ጠቅላላ ግፊት ደግሞ ወደ 88,000 ፓስካል ይጠጋል። ይህን በምታህል የግፊት ልዩነት አየር ሊቀዘቅዝ የሚችለው በአንድ ዲግሪ መቶኛ ገደማ ነው። 5 ዲግሪ የሚባለው ከዚህ አይወጣም። ጣውላው እንዲያውም የመስኮቱን አብዛኛውን ክፍል ስለሚዘጋ የሚገባውን ነፋስ ይቀንሳል።

ሰውን የሚያሳምነው የእጅ ሙከራው ነው። አፍ ከፍቶ መዳፍ ላይ ሲተነፍሱ ይሞቃል፣ ከንፈር አጥብቦ እፍ ሲሉ ይቀዘቅዛል። እፍ ሲባል ግን ፈጣኑ ትንፋሽ በዙሪያው ያለውን የክፍሉን አየር እየጎተተ ይደባለቃል፤ መዳፍ ላይ የሚደርሰው በአብዛኛው የክፍሉ አየር ነው። ክፍሉ ከሰውነት ሙቀት በታች ስለሆነ ይቀዘቅዛል። መስኮቱ ላይ ግን ከውጭ የሚመጣውም የሚደባለቀውም አየር ሞቃት ነው።

አሁን ድርብ የሸክላ ማቀዝቀዣውን በዚያው መንገድ መዝኑት። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሰሜን ናይጄሪያ ገጠሮች ያሠራጨውና የሮሌክስ ሽልማት ያገኘበት ነው፦ ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ። ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል? ከትነት። 1 ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 2,400 ኪሎ ጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ይህም ከ0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። መልሱ የሚጨበጥ ስለሆነ ነገሩ መሞከር ይገባዋል።

ትነት ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያስቀምጠው የአየሩ እርጥበት ነው። አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 25 በመቶ ከሆነ ትነት ብቻውን እስከ 21 ዲግሪ ገደማ ሊያወርድ ይችላል። እርጥበቱ 70 በመቶ ሲደርስ ግን 30 ላይ ይቆማል። ሸክላው ለድሬዳዋ ደረቅ ወራት የሚስማማው ለዚህ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ሸክላውን ከመግዛታችሁ በፊት የቤታችሁን ወሰን መለካት ትችላላችሁ። የክፍል ቴርሞሜትር ጫፉን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሉና በጥላ ሥር በካርቶን እያራገባችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም ያለበት ቦታ ሸክላው ከዚያ በታች የማያልፈው ነው፤ በተግባር እዚያም አይደርስም፣ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቀራል። የትኩሳት መለኪያ ለዚህ አይሆንም፣ የሚያነበው በሰውነት ሙቀት አካባቢ ያለውን ብቻ ነው።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ግን ሸክላ ሲመረጥ ነው። የሚያስፈልገው ያልተሟሸ ሸክላ ነው። ድስትና ማሰሮ የሚሟሹት ፈሳሽ እንዳያንጠባጥቡ ቀዳዳቸው እንዲደፈን ነው፤ እዚህ ግን የትልቁ ሸክላ ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ማላብ አለበት። ቀለም የተቀባ ወይም የሚያብለጨልጭ ሸክላም አይሆንም። መደብር ውስጥ ለመለየት ውጩ ላይ ጠብታ ውሃ አኑሩ፦ ቶሎ ከጠጣው ይሆናል፣ ጠብታው ተድቦልቡሎ ከቆመ ተዉት።

ትልቁ ከትንሹ ዙሪያ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት የሚተው ይሁን። ከሥሩ አሸዋ አንጥፋችሁ የሁለቱን አፍ እኩል አድርጉ፤ ዙሪያውን በአሸዋ ሙሉት፣ አሸዋው እስኪጠግብ ውሃ አጠጡት፣ አፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ። አሸዋው ከደቻቱ ወንዝ የመጣም ቢሆን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ መታጠብ አለበት፤ ጭቃው ካልወጣ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ ከታችም እንዲያገኘው በ3 ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። ነፋስ የማያልፍበት ጓዳ ውስጥ ከገባ ምንም አይሠራም። ጠዋትና ማታ ውሃ ይጨመርበታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ሸክላውም ላይ ያንኑ ስለሚተው ውጩን አልፎ አልፎ በደረቅ ብሩሽ ፈግፍጉት።

ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለጎመንና ለመጠጥ ውሃ ጥሩ ነው። ሽንኩርት ውስጡ ባለው እርጥበት ያቆጠቁጣል፤ ሥጋና ወተት አታስገቡበት። ለሌላ ስታካፍሉ ይህን ካልጨመራችሁ አንድ ሰው ልጆቹን ያሳምማል።

የፓወር ባንክን ውሸት ለመያዝ ሚዛን ይበቃል። በድሬዳዋው ታይዋን ገበያም ሆነ በሌላ 50,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀላል ዕቃ ቢያጋጥማችሁ መዝኑት። ውስጡ በብዛት የሚገባው ክብ ባትሪ አንዱ 45 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ትልቁ የሚይዘው 3,500 ገደማ ነው። ስለዚህ እውነተኛ 20,000 ባትሪው ብቻ ወደ 270 ግራም ይሆናል፤ 50,000 ደግሞ ከ600 ግራም በላይ። መያዣውና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ሲጨመር የበለጠ ይከብዳል። 200 ግራም የማይሞላ “50,000” ከቁጥሩ ሩቡንም አይሰጥም። ክብደቱ ልክ መሆኑ ግን ብቻውን አያስተማምንም፣ ለማክበድ ባዕድ ነገር የሚከቱበት አለ። ቁርጡን የሚነግራችሁ ከፓወር ባንኩ የሚወጣውን የሚቆጥረው ትንሹ የዩኤስቢ መለኪያ ነው፤ ዕቃ ለሰው የሚመክር ሰው ያለ እሱ ባይሠራ ይሻላል። በእሱ ስትለኩ ጥሩ 20,000 በ5 ቮልት ከ12,000 እስከ 13,000 ቢሰጥ አትደንግጡ። የተጻፈው ቁጥር የባትሪው፣ በ3.7 ቮልት የተሰላ ነው፤ ወደ 5 ሲቀየር ይቀንሳል፣ መቀየሪያውም ከላዩ ይበላል።

ሌላ የሚሠራ አለ፦ ብራዚላዊው መካኒክ አልፍሬዶ ሞዘር በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሠራው የጠርሙስ መብራት። 2 ሊትር ንጹሕ ጠርሙስ ውሃ ይሞላል፣ አልጌ እንዳያበቅል 2 ክዳን በረኪና ይጨመርበታል፣ ሲሶው ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ፣ ቀሪው ክፍሉ ውስጥ ይሆናል። ፀሐይ ስትበረታ ከ40 እስከ 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል። ብርሃኑ ከፀሐይ ስለሆነ ማታ ምንም የለም፤ መስኮት ለሌለው መጋዘን ግን ድንቅ ነው። የሚያስቸግረው ዝናብ ነው። ጣሪያውን ወዲያው አትብሱ። ጠርሙሱን መጀመሪያ በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ በሲሊኮን አጣብቁና አንድ ቀን ሙሉ አድርቁት፤ ከዚያ ጣሪያውን በስታችሁ ቁራጩን በቀዳዳው ላይ ግጠሙት። ሬንጅ ርካሽ ቢሆንም በድሬዳዋ ፀሐይ ይለሰልሳል፣ ይፈሳል።

መሰኪያ ያለው ዕቃ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። “100–240 ቮልት” ካላለና 110 ብቻ ካለ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።

ድረ ገጽ ሲሆን

በስልክ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት። ሳይመዘግባችሁ የሚሠራ መሆኑን እዩ። ከዚያ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ብሮውዘሩ ከመክፈታችሁ በፊትና በኋላ የበላውን ዳታ አነጻጽሩ። ሬዲዮ ጋርደን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ምድርን በጣት እያዞሩ የየከተማውን ሬዲዮ በቀጥታ መስማት፣ ያለ ምዝገባ። ንድፉ ማብራሪያ አይፈልግም፣ ሕፃንም አያትም ይነዱታል። ነገር ግን በሴኮንድ 128 ኪሎ ቢት የሚልክ ጣቢያ በሰዓት 58 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል፤ ለላካችሁለት ሰው ይህን ንገሩት።

ደጃችሁ ያለውን

ከኢንተርኔት ብቻ አትልቀሙ። ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ያለው የሐረሪዎች ቤት ለትንሽ ክፍል ንድፍ ትምህርት ቤት ነው። ወንበርም ሶፋም ሳያስፈልግ ወለሉ ራሱ በተለያየ ከፍታ ተደርጎ መቀመጫ ይሆናል፤ ነደባ የሚሉት ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም ከፍታው ይናገራል። ቁምሳጥንና መደርደሪያ ከግድግዳው ውፍረት ውስጥ ተቦርቡረው ይወጣሉ፣ ስለዚህ ከወለሉ አንድ ስንዝር አይወስዱም። ያው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም።

ይህን ስታካፍሉ ባለቤቱን አስፈቅዱና ሜትር ያዙ። የአንዱን የግድግዳ ጉድጓድ ወርድ፣ ቁመት፣ ጥልቀትና ከወለል ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ጻፉ፤ ፎቶው ውስጥ እጅ ወይም ማስመሪያ ይግባ። የጌጡ ፎቶ በብዛት አለ፤ ልኩ ግን ቤት የሚሠራን ሰው ይጠቅማል።

ስትልኩ

ፎቶውን ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ተጨምቆ ዝርዝሩ ይጠፋል። ከሥሩ የሚጻፈው ይህን ይምሰል፦

“ድርብ የሸክላ ማቀዝቀዣ። ያሠራጨው መሐመድ ባህ አባ፣ ናይጄሪያ። የሚያስፈልገው 2 ያልተሟሸ ሸክላ፣ የታጠበ አሸዋ፣ ጆንያ። በደረቅ ወራት፣ በጥላና ነፋስ ባለበት ይሠራል። በዝናብ ወቅት ይደክማል። ለሥጋና ለወተት አይሆንም። ሞክረን ውጩ 34 ሲሆን ውስጡ __።”

የመጨረሻውን ቁጥር ሳትለኩ አትሙሉት። ካልሞከራችሁም “አልሞከርነውም” ብላችሁ ጻፉ። የላካችሁት ስህተት ሆኖ ከተገኘ መልእክቱን አታጥፉት፤ ያየው ሰው መታረሙን አያውቅምና ለሌላ ማሳለፉን ይቀጥላል። “ኤዲት” ብላችሁ ገብታችሁ ከላይኛው መስመር ላይ እርማቱን ከነቀኑ ጻፉ፣ ጊዜው አልፎ ኤዲት ካልፈቀደላችሁ ለመልእክቱ መልስ አድርጋችሁ ጻፉት፣ ከዚያ ለጠየቋችሁ ሰዎች ለየብቻ ላኩላቸው።