ግሩፑ ሞልቷል፣ ጌሙን የሚሞክር ግን የለም፦ የኢንዲ ጌም ማኅበረሰብ ችግርና መፍትሄ

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው መሃል ከተማ ኢንዲ ጌም (ያለ ትልቅ ኩባንያ በግል ወይም በትንሽ ቡድን የሚሠራ ጌም) የሚሠራም፣ ጌም የሚጫወትም አይጠፋም። ተጫዋቹ ግን ፕሌይስቴሽን ቤት ፊፋ ላይ ነው፣ ሠሪው ደግሞ ቤቱ ላፕቶፑ ላይ። ሁለቱን አንድ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ መክተት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብልሽቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ምልክት፦ አባል ይጨምራል፣ የሚያወራው ግን ያው ሦስት ሰው ነው

ምክንያቱ ሁሉም ነገር በአንድ መስመር መፍሰሱ ነው። አንዱ ስለ ጎዶት (ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ኮድ ይጠይቃል፣ ከሥሩ የትናንት ኳስ ክርክር ይከተላል፣ ጠዋት የተለጠፈው አዲስ ጌም ለምሳ ሰዓት ተቀብሯል። ተጫዋቹም ኮድ ኮድ ሲሸተው «ይሄ የእኔ ቤት አይደለም» ብሎ ግሩፑን ድምፅ አልባ ያደርገዋል።

በግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ «ቶፒክስ» የሚለውን አብሩና አራት ክፍል ክፈቱ፦ ማስታወቂያ (አድሚን ብቻ የሚጽፍበት)፣ ሞክሩልኝ፣ የሠሪዎች ጥያቄ፣ ወሬ። ከዚያ በላይ አትሂዱ፤ ባዶ ክፍል ሰው ያባርራል። «ሞክሩልኝ» ውስጥ የሚለጠፍ ጌም ስንት ሜጋባይት እንደሆነ፣ በምን ላይ እንደሚሠራ፣ ለመሞከር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይናገር፤ መጨረሻው ላይም አንድ ጥያቄ ይኑረው። አንድ ብቻ። ዲስኮርድ የሚባለው የመወያያ አፕ ለድምፅ ወሬ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ገና ያልሞቀ ቡድን ሁለት ቦታ ሲከፍት ያለችውን ጥቂት ወሬ ለሁለት ከመክፈል ሌላ አያተርፍም።

ምልክት፦ «እሺ አወርደዋለሁ» ይላሉ፣ አያወርዱም

ስንፍና አይደለም፣ ሒሳብ ነው። በኢንተርኔት ጥቅል የሚኖር ሰው ለማያውቀው ጌም 300 ሜጋባይት አያቃጥልም። ለመቀነስ መጀመሪያ ድምፁን እዩ። ያልታመቀ ስቴሪዮ የድምፅ ፋይል፣ ማለትም ዋቭ (44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት)፣ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ያው ሙዚቃ ኦግ ቮርቢስ በሚባለው የታመቀ ዓይነት፣ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት፣ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። አምስት ደቂቃ ሙዚቃ ያለው ጌም በዚህ ብቻ ከ40 ሜጋባይት በላይ ይቀልለታል።

ወርዶ «አፑ አልተጫነም» ካለ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው የስልኩ ዕድሜ ነው፦ በጎዶት የአንድሮይድ ኤክስፖርት (ጌሙን ለስልክ ማውጫ) ገጽ ላይ ባለ 64 ቢቱ «አርም64-ቪ8ኤ» ብቻ ከተመረጠ የቆዩ ባለ 32 ቢት ስልኮች አይቀበሉትም። «አርምኢኤቢአይ-ቪ7ኤ»ንም ምረጡ፤ ሁለቱን በአንድ ፋይል መክተት መጠኑን ስለሚያሳብጠው ግን ሁለት የተለያየ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል) አውጥታችሁ ስማቸው ላይ «አዲስ ስልክ»፣ «የቆየ ስልክ» ብላችሁ ለጥፉ። ሁለተኛው ፊርማ ነው፤ ስልኩ ኤፒኬው ከማን እንደወጣ የሚለይበት ዲጂታል ማኅተም። የባለፈውን ሳምንት ኤፒኬ አንድ ጓደኛ በራሱ ላፕቶፕ፣ የዛሬውን ሌላው በራሱ ካወጣው የፊርማ ቁልፋቸው ይለያያል፤ ስልኩም አዲሱን በአሮጌው ላይ አይጭንም። ተጫዋቹ አሮጌውን ሲያጠፋ የደረሰበት ደረጃ አብሮ ይጠፋል፣ እሱም አይመለስም። የፊርማ ቁልፉ የሚቀመጥበት የኪስቶር ፋይል አንድ ይሁን፤ ቅጂው ከነይለፍ ቃሉ ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

በብራውዘር የሚከፈት ቅጂ ካላችሁ ኢች ዶት አይኦ የሚባለው የኢንዲ ጌሞች ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይጫናል። እዚያ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ፣ ጎዶት የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ከሲስተሙ ፊደል ይዋስ ነበር ማለት ነው፤ ብራውዘር ላይ የሚዋስበት የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን የአማርኛ ፊደል (ፎንት) ፕሮጀክቱ ውስጥ ጨምሩ፤ ሁለቱም በነፃ ፈቃድ የሚሰጡ ናቸው።

ምልክት፦ አስተያየቱ ሁሉ «አሪፍ ነው፣ በርታ»

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው፤ አንዳንድ አድሚን እንዲያውም ችግር መሆኑን አያውቅም። ሰው ስለወደደው አይደለም «አሪፍ ነው» የሚለው፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። ሠሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ወይም ስሙ ግሩፑ ላይ እየታየ፣ ሁለት ወር የለፋበትን ማን «አሰለቸኝ» ይለዋል? ጥያቄውም ያግዘዋል፦ «እንዴት ነው?» ለተባለ «ደህና ነው» ማለት ከሰላምታ ያደረ ልማድ ነው።

ስለዚህ አስተያየት አትጠይቁ፣ የሆነውን ጠይቁ። «ጌሙ የት ሲደርስ ስልኩን አስቀመጥከው?» «መጀመሪያ የነካሽው በተን የቱ ነው?» «ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስንቴ ሞትክ?» ለእነዚህ በይሉኝታ መመለስ ይከብዳል። ከዚህ የሚሻለው ማየት ነው፦ አምስት ሰው አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ፣ ስክሪን ሪኮርድ በርቶ፣ ሠሪው ከጀርባ አፉን ይዞ። «እዚያ ጋ ዝለል» ካለ ሙከራው ተበላሽቷል፤ ጌሙ ገበያ ሲወጣ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ጀርባ ሊቆም አይችልም። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ የሚስተካከለው ጌሙ ነው፣ ተጫዋቹ አይደለም።

የሰማችሁትን ሰው ደግሞ ስሙን ጥሩት። አዲሱ ቅጂ ሲለጠፍ «በሩ አይታይም ያለን እገሌ ነው፣ አሁን ቀለሙን ቀይረናል» የሚል አንድ መስመር ተጫዋቹን ከማንኛውም ሽልማት በላይ ያቆየዋል።

ምልክት፦ ጎግል ፕሌይ ጌሙን አላወጣም አለ

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከኖቬምበር 2023 አጋማሽ በኋላ የተከፈተ የግል የሠሪ አካውንት ጌሙን ለሁሉም ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሞካሪዎች በተከታታይ 14 ቀን የተመዘገቡበት ዝግ ሙከራ (የተጋበዙ ሰዎች ብቻ የሚሞክሩበት) ይጠበቅበታል። የሚበላሸው «ተከታታይ» የሚለው ላይ ነው፦ ልክ 12 ሰው ይዞ የጀመረ፣ አንዱ በስድስተኛው ቀን ሲወጣ 11 ይቀረዋል። 16 ወይም 18 ይዛችሁ ግቡ፤ ማን የማንን ጌም መቼ እንደሚሞክር ግሩፑ ላይ ተራ ያዙ፣ እንደ ዕቁብ። መመዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ በማመልከቻው ላይ ጎግል ከሞካሪዎቹ ምን አስተያየት እንዳገኛችሁ ይጠይቃል።

ምልክት፦ በአካል ስንገናኝ መጀመሪያ ብዙ ሰው መጣ፣ ቀጥሎ አራት

ቦታውና ሰዓቱን ፈትሹ። ፒያሳና ካዛንቺስ ብዙ ቤት ከፈረሰ ወዲህ የለመዱት ቤት ቦታው ላይ ላይኖር ስለሚችል ከቀናት በፊት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ይሁን፤ ታክሲ ሰልፍ ሳይበረታ ሰው ቤቱ ይገባል። ባለ 10 አምፒር የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ በ220 ቮልት 2,200 ዋት ይችላል፤ 65 ዋት የሚበሉ አሥር ላፕቶፖች አይከብዱትም፣ የውሃ ማፍያ ሲጨመር ግን ይግላል።

ኢንተርኔት ባይኖርም አብሮ መጫወት ይቻላል፦ አንድ ስልክ ሆትስፖት ይክፈት፣ ሌሎቹ ይገናኙ። ተገናኝተው ጌሙ ካልተያየ የተጫዋቾቹን ሞባይል ዳታ አጥፉ፤ አንድሮይድ ኢንተርኔት የሌለውን ዋይፋይ ትቶ ወደ ዳታ ይሸሻል። ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ፋየርዎሉ ጌሙን እንዲያሳልፍ ፍቀዱለት።

ምልክት፦ ጌም ጃም (በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ጌም ሠርቶ የማስገባት ውድድር) ላይ ተዘግቶ ደረስን

ሰዓቱ ነው። ማስታወቂያው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ከተጻፈ 3 ቀንሱለት፣ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፣ ከ1 በታች ከወረደ 12 ጨምሩ፤ የእኛ ሰዓት ይወጣል። 20፡00 ዩቲሲ 17 ይሆናል፣ ከዚያ 5፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ማለት ነው። 22፡00 ከሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ በስልካችሁ ካላንደር ቀኑ ተቀይሯል። አስልቶ ማስታወቂያው ክፍል ላይ የሚለጥፍ አንድ ሰው መድቡ፤ መጫኛ ሰዓቱንም ከመዝጊያው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይጻፈው፣ መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ነውና።