ፎልደሮች ሾርትከት ሲሆኑ፣ «ዲቪ ደርሶዎታል» የሚል ኢሜይል ሲመጣ

ችግር፦ ጽሑፍ ለማሳተም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የወሰዱትን ፍላሽ መልሰው ሲከፍቱ፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች (ወደ ሌላ ፋይል የሚመሩ አቋራጭ ምልክቶች) ሆነው ይታያሉ፤ ከፍላሹ ላይ የተያዘው ቦታ ግን አልቀነሰም።

ምክንያት፦ ፋይሎቹ አልጠፉም። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ሰውሮ በተመሳሳይ ስም ሾርትከት ተክቶባቸዋል። ሾርትከቱን ሲጫኑት በስውር የተቀመጠውን ቫይረስ ካስነሳ በኋላ ፎልደሩንም ስለሚከፍትልዎ የተለየ ነገር የተፈጸመ አይመስልዎትም፤ ከዚያ ወዲያ ግን በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይበከላል።

መፍትሄ፦ ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ፤ የዓመታት ሥራ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በቫይረሱ ሳይሆን በዚህ ችኮላ ነው። በቅድሚያ ኮምፒውተሩን አፕዴት በተደረገ አንቲቫይረስ ይፈትሹ፤ እሱ ሳይጸዳ ፍላሹን ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው። ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስ ይበቃል። ቀጥሎ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» በሚለው ሥር የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፣ በ«ኦፕሽንስ» ውስጥም የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ያንሱ። ደብዘዝ ብለው ብቅ የሚሉት ፎልደሮች የእርስዎ ናቸው፤ አንዳንዴ ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠራቅመው ይገኛሉ። ፎልደሩ ራሱ ቢገለበጥ የመደበቂያ ምልክቱን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ በውስጡ ያሉትን ሰነዶች ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ ወዳለ አዲስ ፎልደር ይገልብጡ። ሰነዶቹ መከፈታቸውን ካረጋገጡ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ይቻላል። ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄዱ የሚታተመውን ሰነድ ብቻ በሌላ ፍላሽ መያዝ ይሻላል።

ችግር፦ የአሜሪካ መንግሥት አርማ ያለበት ኢሜይል ዲቪ እንደደረሰዎት ገልጾ ገንዘብ በአስቸኳይ እንዲልኩ ይጠይቃል።

ምክንያት፦ በኢሜይል ላይ የሚታየውን የላኪ ስም ማንም እንደፈለገው ሊጽፈው ይችላል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውጤትዎን በድረ ገጹ እንዲያዩ የሚያስታውስ መልእክት ሊልክ ቢችልም፣ ዕድሉ መድረሱን በኢሜይል አያበስርም፤ የቪዛው ክፍያም የሚፈጸመው በቃለ መጠይቁ ወቅት በኤምባሲው ወይም በቆንስላው በአካል ነው።

መፍትሄ፦ በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ሊንክ ሳይነኩ፣ የዲቪ ፎርሙን ሲሞሉ የተሰጠዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ይዘው አድራሻው በ«ስቴት ዶት ገቭ» ወደሚያበቃው ይፋዊ ድረ ገጽ ራስዎ ጽፈው ይግቡ። «ገቭ» ካለ በኋላ «ዶት ኮም» የሚከተል ከሆነ ገጹ የአጭበርባሪ ነው። ገንዘብ አስቀድመው ልከው ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ለባንክዎ ያሳውቁ፤ የይለፍ ቃልዎን ሰጥተው ከሆነም በሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይቀይሩት።