ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ነጻ ይሁን? ስንከራከር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይቅር ወይስ ይኑር የሚለው ክርክር የትም ቢነሳ መልኩ ብዙም አይለያይም። አንዱ «ትምህርት መብት ነው!» ይላል፤ ሌላው «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ይላል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ያንኑ ነገር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደጋግሙታል። እኔም በተለያየ ጊዜ በሁለቱም ወገን ቆሜ ተከራክሬያለሁ፤ ከዚህ በታች ከምጠቅሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ነጻ» ሲባል ማንም የማይከፍል ይመስለናል

ይሄኛው ቀላል ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። መምህር ደመወዝ ይፈልጋል፣ ቤተ ሙከራ ኬሚካል ይፈልጋል፣ የሚያፈስ ጣሪያ መጠገን አለበት። ተማሪው ካልከፈለ ግብር ከፋዩ ይከፍላል፤ ከግብር ከፋዩ መካከል ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ አናጢም ሾፌርም አለ። ይህ ብቻውን ግን ነጻ ትምህርትን ውድቅ አያደርገውም፤ አናጢው ሲታመም የሚያክመው ሐኪም የሚወጣው ከዚያው ግቢ ነውና። እንግዲህ ክርክሩ መሆን ያለበት ማን ይክፈል፣ መቼ ይክፈል፣ ስንት ይክፈል በሚለው ላይ ነው።

የትምህርት ክፍያውን ቆጥሮ ኑሮውን መርሳት

ስዊድን ውስጥ የአገሩ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ ሲመረቁ ዕዳ አለባቸው፤ ለቤት ኪራይና ለምግብ ከመንግሥት ስለሚበደሩ ነው። እዚያ ቢያንስ ብድሩ አለ። ብድርም ድጎማም በሌለበት ክፍያው ብቻ የተሰረዘለትን ልጅ አስቡት። ሌሊቱን በጥበቃ ሥራ አሳልፎ የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ላይ ኋላ ወንበር ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ የፈተና ሳምንት ሲደርስ ፈረቃ የሚቀይርለት ሰው ይለምናል፤ ከቤት ደግሞ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» እያሉ ይደውሉለታል። ቤተሰቡ ያጣው እሱ ሠርቶ ሊያመጣ ይችል የነበረውን የሦስትና የአራት ዓመት ደመወዝ ነው። ይህን የትኛውም የክፍያ ደረሰኝ ላይ አታገኙትም።

በሩ ነጻ ከሆነ ድሃው ይገባል ብሎ መደምደም

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ የሚሠሩትም ብዙ ጊዜ ለድሃው የሚቆረቆሩት ሰዎች ናቸው።

ብራዚል ጥሩ ምሳሌ ናት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ አያስከፍሉም፤ ጥራታቸውም የተመሰከረለት ነው። መግቢያው ግን ከባድ ፈተና ነው። ፈተናውን የሚያልፈው ማን ነበር? በአብዛኛው ወላጆቹ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ውድ የግል ትምህርት ቤት ያስተማሩት፣ የፈተና ማሰልጠኛም የከፈሉለት ልጅ። ነጥብ ያልመጣለት የደሃ ልጅ ደግሞ ቀን እየሠራ ማታ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከፍሎ ይማራል። ነገሩ ተገለባበጠ፦ መክፈል የሚችለው በነጻ፣ የማይችለው በክፍያ። ሁኔታው አፍጥጦ ስለመጣ በ2012 በወጣ ሕግ የፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ከመቀመጫቸው ግማሹን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለተከታተሉ እንዲመድቡ ተደረገ። ልብ በሉ፤ ክፍያው ድሮም አልነበረም። መለወጥ የነበረበት ወንበሩ የሚታደልበት መንገድ ነው።

ስኮትላንድ ደግሞ ሌላ ነገር ታስተምራለች። ለስኮትላንዳውያን ተማሪዎች መንግሥት ስለሚከፍል፣ ስንት ተማሪ እንደሚከፍልለትም የሚወስነው መንግሥት ነው፤ ቦታው ገደብ አለው። ከሌላው የብሪታንያ ክፍልና ከውጭ የሚመጣው ተማሪ ግን ይከፍላል። ስለዚህ አንድ ሰው «ነጻ ይሁን» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ወንበር?» ብዬ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረበትን ትምህርት ቤት ይመለከታል። ያኛው መስኮቱ የተሰበረ፣ መምህር የሌለው ከሆነ የዩኒቨርሲቲው በር ቢከፈትም ልጁ በሩ ጋ አይደርስም።

ዕዳን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ማየት

ክፍያ ይኑር የሚሉትም ይቅር የሚሉትም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። እንግሊዝ በ2012 የዓመት ክፍያውን ጣሪያ 9,000 ፓውንድ ስታደርስ ቁጥሩ ያስደነግጥ ነበር። የያኔውን አከፋፈል ግን በእርሳስ እናስላው። ተማሪው ሲገባ ክፍያውን በብድር ይሸፍን ነበር፤ ተመርቆ በዓመት ከ21,000 ፓውንድ በላይ ሲያገኝ፣ ከዚያ በላይ ካለው ላይ 9 በመቶ ይቆረጥበት ነበር። ደመወዙ 25,000 ከሆነ ትርፉ 4,000 ነው፤ 9 በመቶው በዓመት 360፣ በወር 30 ፓውንድ። ደመወዙ 20,000 ከሆነ ምንም አይከፍልም። ለያኔዎቹ ተበዳሪዎች ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ የቀረው ይሰረዛል። ይህ በር ላይ ገንዘብ ቆጥሮ ከመክፈልም፣ ሥራ ኖረህ አልኖረህ ከማይል የባንክ ብድርም ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ሐሳቡን በአገር ደረጃ ቀድማ የጀመረችው በ1989 አውስትራሊያ ናት።

ይህን ስል ሥርዓቱን እያሞገስኩ አይደለም። የእንግሊዙ ብድር ከዋጋ ንረት በላይ እስከ 3 በመቶ ወለድ ይታሰብበት ስለነበር፣ ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ተመራቂ በየወሩ እየከፈለ ዕዳው ሲያድግ ዓይኑ እያየ ይኖራል። በወረቀት ላይ ቀላል የሆነው ነገር ልብ ላይ ይከብዳል፤ ከድሃ ቤት የመጣ ልጅ ደግሞ «ዕዳ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ስሌቱን ሳያይ ሊሸሽ ይችላል። ይህ ፍርሃት ስላልተሰላ የለም ማለት አይደለም።

«ጀርመንን ተመልከቱ!» ብሎ ማረፍ

ጀርመንን እንመልከት እሺ። አዎ፣ ክፍያ የለም። ግን ከወጣቶቿ ብዙዎቹ ደመወዝ እየተከፈላቸው ፋብሪካና መሥሪያ ቤት ውስጥ ሙያ ይማራሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ብቸኛው የእንጀራ መንገድ በሆነበት አገር ያለው ግፊት እዚያ የለም። «ለሁሉም» የሚለውም ቢሆን ወሰን አለው፦ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ግዛት ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡ ተማሪዎችን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017 ተመሳሳይ ውሳኔ ወስነዋል። አርአያ አገር ስትጠሩ አብሯት የሚመጣውንም ጥሩ።

አንዴ ከተወሰነ አለቀ ማለት

አውስትራሊያ ክፍያን በ1974 አስቀርታ ከ15 ዓመት በኋላ መልሳ አመጣችው። የጀርመን ግዛቶች በተቃራኒው፤ ሰባቱ ከ2006 ወዲህ ማስከፈል ጀምረው እስከ 2014 ሁሉም ተዉት። የኒውዮርክ የከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1847 የተመሠረተ ነጻ ኮሌጅ ነው፤ በ1976 ከተማዋ ለኪሳራ ስትቃረብ ያ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ቀረ። ስለዚህ ነጻ ይሁን ባዩ፣ በጀት ሲጎድል ምን እንደሚቀነስ ይናገር፦ ወንበር ነው፣ መምህር ነው ወይስ ነጻነቱ ራሱ? ይከፈል ባዩም ዛሬ 1,000 የተባለው ነገ ስንት እንደሚሆን ይናገር። እንግሊዝ በ1998 የጀመረችው በ1,000 ፓውንድ ነበር።