የተሰረቀ ምርጫን አትቀበሉ ብለን ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ደብዳቤ ላከልኝ። «ወንድምዬ፣ እስኪ እየውና አቃናልኝ» ይላል። ደብዳቤው የሚላከው ለኢትዮጵያ እርዳታ ለሚሰጥ አንድ መንግሥት ነው። ፍሬ ነገሩ፦ የሚመጣው ምርጫ ነፃ ካልሆነ እንዳለፉት ጊዜያት ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። ዘጠኝ ገጽ ነው። ደብረ ብርሃን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጋቢ ተከናንቤ በስልኬ አነበብኩት።

ሐሳቡ ልክ ነው። ቁጭቱ የኔም ቁጭት ነው። ግን የሚደርሰው ሰው ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ እንደሚያስቀምጠው ገባኝ። በዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ብዙ የሰሜን ሸዋ ልጆች አሉ፤ ከመንዝም፣ ከመርሐቤቴም፣ ከቡልጋም ወጥተው በየአገሩ ያሉ። እኔም ከዚህ በፊት አርቅቄያለሁ፣ ፈርሜያለሁ፣ መልስ ሳላገኝ ቀርቻለሁ። ተደጋግመው የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ውጤት ከታወጀ በኋላ መጻፍ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው አቤቱታ የሚጻፈው አሸናፊው ከታወጀ፣ የእንኳን ደስ አለዎት መልእክት ከጎረፈ በኋላ ነው። ያኔ አንድን መንግሥት ቃልህን መልሰህ ዋጥ ማለት ከባድ ነው። ለጋሾች የሚወስኑት ግን ከወራት በፊት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ ከመላኩ በፊት አጥኚ ቡድን ይልካል፤ ከመንግሥት ጋር ይነጋገራል፣ ይፈራረማል። በ2007ቱ ምርጫ ጭራሽ ታዛቢ ቡድን አልላከም። በ2013 ደግሞ ሊልክ ከተዘጋጀ በኋላ ሳምንታት ሲቀሩ ሰረዘው። በታዛቢዎቹ ነፃነትና ይዘው በሚገቡት የመገናኛ መሣሪያ ላይ ከመንግሥት ጋር አልተግባቡም ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ በሚመከርበት ሰሞን ነው ደብዳቤያችን ጠረጴዛቸው ላይ መገኘት ያለበት። የመራጮች ምዝገባ ሲጀመር ጥሩ ጊዜ ነው። ታዛቢ ትልካላችሁ ወይ? ካልላካችሁ ምክንያቱን በይፋ ትናገራላችሁ ወይ? የየጣቢያው ውጤት ሳይወጣ እንኳን ደስ አላችሁ አንልም ብላችሁ ቃል ትገባላችሁ ወይ? እነዚህን ከምርጫ በፊት መጠየቅ ይቻላል። የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፤ በጊዜ ነው የጻፈው።

ቁጣን በማስረጃ ቦታ ማስቀመጥ

ልጅ ሆኜ አባቴ የመሬት ክርክር ነበረበት። አንድ ቀን አብሬው ፍርድ ቤት ሄድኩ። በሩ አጠገብ ጃንጥላ ተክለው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ ቁጭ ብሎ ብሶቱን ዘረገፈው። ተገፋሁ፣ ተበደልኩ፣ ግፍ ተሠራብኝ አለ። ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን አላነሱም። ዝም ብለው አዳመጡት። ሲጨርስ «መቼ ነው? የትኛው ማሳ ላይ? ማን አየ?» ብለው ጠየቁት። አባቴ ሲመልስላቸው ነው መጻፍ የጀመሩት። ማመልከቻው አንድ ገጽ ሆነ። ግፍ የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ሲያነቡለት ግን ግፉ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ደብዳቤ ላይ «አምባገነን» የሚለውን ቃል ሦስት ገጽ ላይ ብቻ አሥራ አራት ጊዜ አገኘሁት። የአንድ ምርጫ ጣቢያ ስም ግን የለም። የተከለከለ ታዛቢ፣ የተዘጋ የፓርቲ ቢሮ፣ የታሰረ ዕጩ፣ ከነቀኑ የተጻፈ የለም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ሰዉ ገና ጎህ ሳይቀድ ጋቢውን ተከናንቦ ተሰልፎ ነበር። አሮጊቶች በልጆቻቸው ተደግፈው መጥተዋል። ድምፁ ተቆጥሮ ውጤቱ በሩ ላይ ሲለጠፍ አንድ ጎረቤታችን የልጃቸውን የሂሳብ ደብተር ይዘው ሄዱ። እያንዳንዱን ቁጥር ገለበጡ። ጣቢያውን ጻፉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ አብረዋቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች እንዲፈርሙ አደረጉ። ሌላ ሰው ቁጥሩን ልቀይር ቢል ያ ገጽ ይሟገታል። እኔ ብሆን ያንን የደብተር ገጽ ከዘጠኝ ገጽ ቁጣ አስበልጠዋለሁ።

የማላዊን ነገር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የውጤት ቅጾች በነጭ ማጥፊያ ቀለም፣ እኛ ፍሉድ በምንለው፣ ተደልዘው ተገኙ። ተቃዋሚዎች ቅጾቹን ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ሕዝቡም ለወራት አደባባይ ወጣ። በ2020 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰረዘ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ምርጫው ተደገመና ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ አሸነፉ። ዳኞቹ ፊት የቀረበው ወረቀት ነበር።

ማስረጃ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብዬ አልዋሻችሁም። በኮንጎ ኪንሻሳ እ.ኤ.አ. በ2018 የተካሄደውን ምርጫ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን 40 ሺህ ገደማ ታዛቢ አሰማርታ ተከታተለች። የታወጀው ውጤት ከያዝኩት መረጃ ጋር አይገጥምም አለች። የአፍሪካ ኅብረትም የመጨረሻው ውጤት ይቆይ ብሎ ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥታቱ አንድ በአንድ ተቀበሉት። ያም ሆኖ ዛሬ ስለዚያ ምርጫ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የቤተ ክርስቲያኗን ቃል ሳይጠቅስ አያልፍም። አላወቅንም ነበር የሚል መንግሥትም የለም።

ያላረጋገጡትን መጨመር

ይህን ባጭሩ ልበል። ከፌስቡክ የተነሳ አንድ የተሳሳተ ፎቶ ሃያ እውነተኛ ነገሮችን ይዞ ይወድቃል። የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ፎቶ ሆኖ ከተገኘ አለቀ። ሰባት ሰው ታስሮ ከሆነ ሰባት በሉ። ሰባትም ብዙ ነው።

«እርዳታ በሙሉ ይቁም» ማለት

እዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር እከራከራለሁ። ደማችን ሲፈላ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል ይሄ ነው። ግን ወደ ኋላ ሄደን እንየው። ከ97ቱ ምርጫ በኋላ በተነሳው ግጭት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ዘግቧል። ለጋሾች በ1998 ለመንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጎማ አቆሙ። ብዙም ሳይቆዩ ግን የዓለም ባንክ ባስተባበረው ፒቢኤስ በተባለው ፕሮግራም በኩል ገንዘቡን ወደ ወረዳ አወረዱት፤ ለመምህራን፣ ለጤና ሠራተኞች፣ ለግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ።

እኛ ቤት የዚያን ጊዜ ደመወዝተኛ ነበር። ደመወዙ ባይመጣ ምን እንደምንበላ አላውቅም። በሌላ በኩል ወረዳውን የያዘው ያው ገዥው ፓርቲ ነበር፤ ገንዘቡ በእጁ አለፈ። ሁለቱም እውነት ነው። በ2002ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። በ2007 አንድም ሳያስቀሩ 547ቱንም ያዙ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አዲስ አበባ የመጡት ፕሬዚዳንት ኦባማ መንግሥቱን በዴሞክራሲ የተመረጠ ብለው ጠሩት። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት የነበርን ሰዎች ዝም ተባባልን።

እኔን ያመመኝ ያ ቃል ነው። ለጤና ኬላ የሚመጣው መድኃኒት አላመመኝም። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ለይቶ ይጠይቅ። ነፃ ያልሆነን ምርጫ ነፃ አትበሉ። የደስታ መግለጫ አትላኩ። ለመንግሥት ካዝና በቀጥታ የሚገባ ድጎማ ካለ አቆዩት። ለፀጥታ ኃይሎች የሚሰጠውን ሥልጠናና መሣሪያ መርምሩ። ድምፅ ያጭበረበሩ ባለሥልጣናት ላይ የቪዛ ክልከላ ጣሉ። ክትባቱን፣ እህሉን፣ መንዝ ላይ ሴፍቲኔት የሚጠብቀውን ቤተሰብ ግን አትንኩ። እንዲህ ሲባል ዲፕሎማቱ «አይቻልም» ብሎ በአንድ ቃል መሸኘት ያቅተዋል።

«ለዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ» ብሎ መላክ

የዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ በር የለውም። መዝገብ ቤትም የለውም። የምትኖሩበት አካባቢ የመረጠው የፓርላማ አባል ግን ቢሮ አለው፤ ለእናንተ መልስ መስጠት ሥራው ነው። የአውሮፓ ፓርላማ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አለው። አዲስ አበባ ያሉ ኤምባሲዎች ፖለቲካውን የሚከታተል ሰው አላቸው።

የቅርቡን በርም አንርሳ። የአፍሪካ ኅብረት ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያለው። የአፍሪካ የዴሞክራሲ፣ የምርጫና የመልካም አስተዳደር ቻርተር እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያው አዲስ አበባ ጸደቀ፤ በ2012 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያም ፈርማዋለች፣ አጽድቃዋለችም። ይህን ሰነድ ብትጠቅሱ «የነጮች ጣልቃ ገብነት» የሚለው መልስ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2025 ታንዛኒያ ውስጥ ዋናው ተቃዋሚ ታስሮ፣ ኢንተርኔት ተዘግቶ በተካሄደው ምርጫ ፕሬዚዳንቷ 98 ከመቶ ገደማ አገኙ ተባለ። ምርጫው መስፈርት አላሟላም ያሉት የአፍሪካ ኅብረትና የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ ታዛቢዎች ናቸው። አፍሪካውያን ራሳቸው እንዲህ ሲሉ ለጋሾች ማምለጫ ያጣሉ።

ታዛቢን እንደ ዳኛ መቁጠር

አና ጎሜዝን የማያስታውስ የለም። በ97 የመሩት የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ ቡድን ምርጫው ዓለም አቀፍ መስፈርትን አላሟላም ብሎ ጻፈ። እውቅና መስጠትና መንፈግ ግን የሳቸው ሥልጣን አልነበረም። ታዛቢ ያየውን ይጽፋል፤ የሚወስነው መንግሥት ነው። ታዛቢም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኬንያ ላይ የቀድሞውን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪን ጨምሮ ብዙ ታዛቢዎች ድምፅ አሰጣጡን አመስግነው ነበር። ወር ሳይሞላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰረዘው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን መግለጫ አንስተን አንሩጥ። የመጨረሻውን ሪፖርት እናንብብ፤ ገጽ ጠቅሰን እንጻፍ።

የኔ ሰው ስላልተመረጠ ብሎ መጻፍ

ደብዳቤ ከመፈረሜ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። በዚሁ ዓይነት ቆጠራ የኔ ወገን ቢያሸንፍ እጽፍ ነበር? መልሱ «አይ» ከሆነ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። አንባቢው ይህን ወዲያው ያሸተዋል። የምንደግፈው ፓርቲ ያጠፋው ካለም እሱንም እንጻፈው።

የሰው ስም አሳልፎ መስጠት

ይሄን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከደብዳቤው ጋር አንድ ሰንጠረዥ ተያይዞ ነበር። ባለፉት ምርጫዎች ታዛቢ የነበሩ አሥራ አንድ ሰዎች ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር። ሦስቱን አውቃቸዋለሁ። አንዷ እናቴ ዘንድ ቡና የሚጠጡ እትዬ ናቸው። ዛሬ በሰሜን ሸዋ መንገዱ እንኳ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ይዘጋል። በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ከእጅ እጅ ሲዞር ማን እጅ እንደሚገባ ማንም አያውቅም። ውጭ አገር ላለ ሰው ማያያዣ ፋይል ነው። እዚህ ላሉት ግን በር ነው፤ ማታ የሚንኳኳ በር።

ደወልኩለት። «እነሱ ራሳቸው ፈቅደዋል እኮ» አለኝ። «ለአንተ ነው የፈቀዱት። ለማታውቀው ሰው ኢሜይል አልፈቀዱም» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ ምን ልጻፍ?» አለ። «ምስክር አንድ፣ ምስክር ሁለት በል። ዞኑን ጻፍ፣ ቀበሌውን ተው። ስማቸውን መስጠት ግድ ከሆነ ለአንድ ለምታምነው ሰው በአካል፣ እንደገና ጠይቀሃቸው።»

ደብዳቤው አሁን ሁለት ገጽ ተኩል ነው። ሰንጠረዡን ከሱም ከኔም ስልክ አጥፍተነዋል። እትዬን ትናንት ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ረከቦቱ ፊት እንደተቀመጡ «ስሜን ሰርዙት፣ ያየሁትን ግን አትሰርዙብኝ» አሉኝ።