ሞላላ ጠረጴዛ በሁለት ምስማርና በሲባጎ

ፒያሳ ያለው ቤታችን ሳሎኑ ጠባብ ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ ጉልበታችንን ሲጨርሰው ሞላላ ልሥራ ብዬ ከምናለሽ ተራ ጣውላ ገዛሁ። መጀመሪያ በእጄ ሳልኩት፤ አንዱ ጎን አብጦ ሌላው ጎደለ። ያኔ ነው የትምህርት ቤቱ ኤሊፕስ ትዝ ያለኝ።

ኤሊፕስ እንዲህ ነው። ፎከስ የሚባሉ ሁለት ቋሚ ነጥቦች አሉት። በመስመሩ ላይ የትም ብትሆኑ፣ ከአንዱ ፎከስ ያላችሁ ርቀት ከሌላው ካላችሁ ርቀት ጋር ሲደመር ያው ነው። ሲባጎው ያንን ድምር ይዞልን ይዞራል።

የኔ ጠረጴዛ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው።

1. ጣውላውን ገልብጡት፤ የምስማሩ ቀዳዳ ከላይ እንዳይታይ። 100 እና 60 ሳንቲ የሆኑ መስመሮች መሃል ለመሃል በመስቀል አስምሩ።

2. ከአጭሩ መስመር ጫፍ 50 ሳንቲ፣ ማለትም የርዝመቱን ግማሽ፣ ለኩ። ሜትሩ ረጅሙን መስመር በግራና በቀኝ በሚነካበት ቦታ ምስማር ምቱ። ከመሃል 40 ሳንቲ ላይ ይውላል፤ የፓይታጎረስ 30፣ 40፣ 50 ነው።

3. ሲባጎውን ከሁለቱ ምስማሮች እሰሩ። ከታሰረ በኋላ በምስማሮቹ መሃል ያለው ልክ 100 ሳንቲ ይሁን። ቋጠሮ ስለሚበላ 120 ቆርጣችሁ ጀምሩ። እኔ በሹራብ ክር ሞክሬ ክሩ ተለጠጠና መስመሩ አልገጥም አለኝ። የማይለጠጥ ሲባጎ ግድ ነው።

4. ሲባጎውን በእርሳስ ወጥሩና ሳታላሉ ላዩን ግማሽ ሳሉ። ከዚያ ሲባጎውን ወደ ታች አዙራችሁ ቀሪውን ጨርሱ።

አሁን በሜትር ፈትሹት። በወርዱ ጫፍ 50 እና 50 ነው። በርዝመቱ ጫፍ 10 እና 90። ሁለቱም 100! እኔ ይህን ሳይ ነው ትርጉሙ በትክክል የገባኝ።

ሲባጎውን ሳትቀይሩ ምስማሮቹን ብታቀራርቡ ቅርጹ ይከብባል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ክብ ይሆናል።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኬፕለር በ1609 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርስ በኤሊፕስ እንደምትዞር፣ ፀሐይም አንዱ ፎከስ ላይ እንዳለች ጽፏል፤ በኋላም ይህንኑ ለሌሎቹ ፕላኔቶች አድርጎታል። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በገና ሰሞን ነው፤ ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። በሰኔ መጨረሻ ወደ 152 ሚሊዮን ትርቃለች። ግን የምድርን መንገድ በዚሁ በ100 ሳንቲ ሲባጎ ብትስሉት፣ በሁለቱ ምስማሮች መሃል ያለው ርቀት 2 ሳንቲ እንኳ አይሞላም።