የሴቶች ራስ አገዝ ቡድን ለምታደራጁ፦ እነዚህን አትሳሳቱ

ራስ አገዝ ቡድን ማለት ሴቶች በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቆጠቡ እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ስብስብ ነው፤ ቡድኑን የሚያደራጀው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደግሞ አመቻች ይባላል። አዳዲስ አመቻቾች መስክ ሲወጡ አብሬ እየወጣሁ ሥራቸውን ማየት ከጀመርኩ ቆየሁ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ሞተር እየነዱ ጭቃ ውስጥ ሲወድቁ እንኳ ይስቃሉ። ግን ያው ስህተት በየዓመቱ ሲደገም ሳይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ስለዚህ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ብር ይዛችሁ አትሂዱ። ይህን ስንቴ ተናገርኩ! 20 ሴቶች በሳምንት 5 ብር ሲያዋጡ 100 ብር ይሆናል። አዲሱ አመቻች ይህን ያሰላና ያፍርላቸዋል። «በዚህ ምን ይሠሩበታል?» ይላል። ከዚያ ቢሮ ተመልሶ መነሻ ገንዘብ እንዲፈቀድ ደብዳቤ ይጽፋል።

አንድ ቀበሌ ላይ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለአንድ ቡድን 30,000 ብር ሰጠ። 18 የነበሩት አባላት ወር ሳይሞላ 26 ሆኑ። ማን ገባ? የሰብሳቢዋ እህት፣ የቀበሌው ሹም ሚስት፣ ጥማድ በሬ ያላት። ማን ወጣ? ጠላ ሸጣ የምታድረዋ። ገንዘቡን ተበደሩት፤ የመለሰ ግን አልነበረም። አንዷን እናት «እትዬ፣ ምነው?» ብላቸው ሳቁብኝ። «የእርዳታ ብር እኮ ነው ልጄ፣ ማን ይጠይቀናል?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። እኒሁ እናት የራሳቸው 5 ብር ቢሆን ኖሮ ያልከፈለችውን ጎረቤታቸውን ገበያ መንገድ ላይ አስቁመው ይጠይቋት ነበር።

ይህ ከራስ ቁጠባ የመነሣት አሠራር በሕንድ፣ ካርናታካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው መልክ የያዘው። እ.ኤ.አ. በ1992 ባንኮች ለቡድኖቹ ማበደር ሲጀምሩ እንኳ መጀመሪያ ቢያንስ ስድስት ወር ቆጥበው እርስ በርስ ተበዳድረው እንዲያሳዩ ይጠየቁ ነበር። በእኛ አገር ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2002 አዳማ ላይ ስትጀምረውም መነሻው የሴቶቹ የራሳቸው ሳንቲም ነበር። ምክንያቱ ድህነታችን አይደለም። ዋናው ነገር ለማን እናበድር፣ ማንን እንከልክል የሚለው ነው። በዕድሜዋ ለማንም «አይሆንም» ብላ የማታውቅ ሴት ተነሥታ «አንቺ ያለፈውን ሳትመልሺ ሌላ አንሰጥም» ስትል ሰምቻለሁ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብሩ ከቢሮ ከመጣ ግን ይህ ውሳኔ የእሷ አይደለም፣ የእኛ ነው። ምን ቀራት?

ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። በመጀመሪያው ዓመቴ የያዝኩት ቡድን ውስጥ ደህና አድርጎ የሚጽፍ ሰው ስላልነበረ ደብተሩን እኔ ያዝኩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ከዚያ ታይፎይድ ይዞኝ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ስመለስ አንድም ቀን አልተሰበሰቡም። «ደብተሩ አንቺ ጋ ነዋ!» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያን ቀን ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት አሮጊት የሁሉንም ቁጠባና ዕዳ በቃላቸው አንድ በአንድ ዘረዘሩልን። ከደብተሩ ጋር ያልገጠመው የአንዷ ሂሳብ ብቻ ነበር። ስንመረምረው የተሳሳተው ደብተሩ ሆነ። የጻፍኩት ደግሞ እኔ። ከዚያ ወዲህ ስድስተኛ ክፍል የምትማር የአንዷ አባል ልጅ ትጽፋለች፤ ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ እያንዳንዷ ያላትንና ያለባትን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትናገራለች። አመቻች ሆይ፣ እስክሪብቶህን ኪስህ ውስጥ አኑር።

ሰብሳቢነቱም ይዙር። አንዷ ሦስት ዓመት ከመራችው ቡድኑ የእሷ ነው።

በሴት ስም የወጣ ብድር ሁሉ ለሴቷ የደረሰ አይምሰላችሁ። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን አለ። ፎቶዋ እያለ መሬቱ ምርቱን ለሚካፈል ለእኩል አራሽ መሰጠቱን ከጎረቤት የሰማች ሴት ግን አውቃለሁ። ብድሩም እንዲሁ ነው። እሷ ትፈርማለች፣ እሱ ይወስዳል፣ ዕዳው ይቀርላታል። ሪፖርታችን ላይ ግን «አንዲት ሴት ተጠቃሚ ሆነች» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ቡድን መላ አበጀ፤ በግ ልግዛ ብላ የተበደረች ሴት፣ ሁለት አባላት ቤቷ ሄደው በጉን ካላዩላት፣ በሚቀጥለው ዙር አትበደርም። ባልየውን «የቡድን ሕግ ነው» ትለዋለች፣ ጠቡ ከእሷ ይወርዳል። ባል ላይ ጦርነት አታውጁ። ማታ እቤት የምትገባው እሷ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

የስብሰባውን ቀን እነሱ ይምረጡ። አመቻቹ እሑድ ማረፍ ስለሚፈልግ ማክሰኞ ያደርገዋል፤ ሴቶቹ ደግሞ ማክሰኞ አረም ላይ ናቸው።

የብድር መመለሻ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አታድርጉ። ጎተራ ባዶ በሆነበት ወር ክፈሉ ማለት ሌላ አራጣ ፈልጉ ማለት ነው። እህሉ ተወቅቶ ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ይከፍላሉ።

ቡድኑን ለቀበሌ ስብሰባ ማሟያ ለማድረግ የሚመጣ አይጠፋም። ዛሬ ለክትባት፣ ነገ ለመዋጮ፣ ከነገ ወዲያ ለሰልፍ። ሴቶቹ እምቢ ማለት ይቸግራቸዋል፣ እናንተ ግን «የቁጠባ ሰዓታቸው ነው» ማለት ትችላላችሁ።

ሴቶቹን አበል ከፍሎ መሰብሰብ ስህተት መሆኑን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ስህተት፣ ብሩ ተቆጥሮ ሳጥኑ ሲቆለፍ ሞተር አስነሥቶ መሄድ። ቡና ተፈልቷል እኮ! እኔም ወጣት ሳለሁ አቦሉን እንደ ነገሩ ቀመስ አድርጌ እሮጥ ነበር። በአቦል የሚወራው ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ዋጋ ነው። ባሏ የሚመታት ሴት ወይም ልጄን ያለ ዕድሜዋ ሊድሩብኝ ነው የምትል እናት ነገሩን የምታነሣው ግማሹ ሰው ከሄደ በኋላ፣ በበረካው ነው።