ቫኪዩሙ ይጮሃል እንጂ አይስብም፦ የመኪና ውስጥ ማጽጃ ለሚገዛ ጎንደሬ

ጎንደር ላይ የመኪና ውስጥ ቆሻሻ ከወቅቱ ጋር ይቀያየራል። በበጋ ከመተማና ከሁመራ አቅጣጫ የሚገባ መኪና ደቃቅ አቧራ ተሸክሞ ይመጣል። በክረምት ጭቃው ምንጣፉ ውስጥ ይሰርጋል። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ እንግዳ ሲያመላልስ የዋለ ሚኒባስ ወለሉ ላይ ቄጤማው፣ ቆሎውና የፈሰሰው ለስላሳ አብሮ ተረግጦ ይደርቃል። ለዚህ ሁሉ መጥረጊያና ጨርቅ አይበቃም። ላቫጆ ያለውም፣ የራሱን ቪትዝ በግቢው የሚያጸዳውም ደረቁንም እርጥቡንም የሚስብ ቫኪዩም መፈለጉ አይገርምም።

ከተገዛ በኋላ የሚሰማው እሮሮ ግን ያው ነው። «አይስብም»፣ «ይሞቃል»፣ «ውሃ ተፋ»። ገና ያልገዛችሁም ብትሆኑ እነዚህን እሮሮዎች አንብቧቸው። ማሽኑ የሚታመምበትን ምክንያት ያወቀ ሰው ሱቅ ገብቶ ምን መጠየቅ እንዳለበት አይቸግረውም። በእኔ ግምት ግማሹ ብልሽት ከማሽኑ ጋር አብሮ የተገዛ ነው።

«መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ አሁን ይጮሃል እንጂ አይስብም»

ከሁሉም በላይ የሚሰማው ይሄ ነው። ሞተሩ ተቃጠለ ብላችሁ ወደ ጠጋኝ ከመሮጣችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ቱቦውን ከማሽኑ ላይ ንቀሉትና መዳፋችሁን በቀዳዳው ላይ አድርጉ። እጃችሁን አጥብቆ ከያዘ ማሽኑ ደህና ነው፤ የተዘጋው ቱቦው ነው። እጃችሁን ለቀቅ አድርጎ ከያዘ ደግሞ ጥፋቱ ከፊልትሮው ወይም ከክዳኑ ነው።

ቱቦው ከሆነ ሽቦ ወይም ብረት አትስደዱበት፤ ይበሳል። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ማሽኖች አየር የሚነፉበት ሌላ ቀዳዳ አላቸው። ቱቦውን እዚያ ላይ ሰክታችሁ አስነሱት። የተሰነቀረው ሳንቲም፣ የእስክሪብቶ ክዳን ወይም የቄጤማ ጥቅል በገባበት ይወጣል። ፊት ለፊቱ ሰው አይቁም።

ፊልትሮው ከሆነ ጉዳዩ ትንሽ ሰፋ ይላል። የእኛ አገር የበጋ አቧራ በጣም ደቃቅ ነው። የታጠፈ የወረቀት ፊልትሮ ቀዳዳዎች ላይ ተለጥፎ ጥቂት መኪና እንዳጸዳችሁ ይደፍናቸዋል። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ በውሃ ያጥበውና ገና ሳይደርቅ ይመልሰዋል። ያኔ አቧራው ከእርጥበቱ ጋር ይቦካል፤ ፊልትሮው ከበፊቱ ይብሳል። ትክክለኛው መንገድ ውጭ ወጥቶ ቀስ አድርጎ ማራገፍ ነው። የሚታጠብ መሆኑ ከተጻፈበት ብቻ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ አፍስሱበትና ጥላ ላይ አሳድሩት። በክረምት አንድ ሌሊትም ላይበቃው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ፊልትሮ መያዝ ቅንጦት አይደለም። አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሠራል።

ሌላም ዘዴ አለ። ለደረቅ ሥራ ባልዲው (ቆሻሻው የሚጠራቀምበት የማሽኑ አካል) ውስጥ የሚገባ የጨርቅ ከረጢት ያላቸው ማሽኖች አሉ። አቧራው መጀመሪያ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል፤ ፊልትሮው ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስትገዙ ከረጢት ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ።

ክዳኑ ደግሞ ቀላል ነው። ዙሪያውን ያለው ጎማ ላይ አሸዋ ከተቀመጠ አየር በዚያ ይገባል። ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና መቆለፊያዎቹን በደንብ ግጠሙ።

«ከአዲስነቱም ደካማ ነው»

ይሄ የምርጫ ስህተት ነው። ሻጩ «2000 ዋት ነው ጋሼ፣ ድንጋይ ይስባል» ይላል። ዋት ግን ማሽኑ ከመብራት የሚበላውን እንጂ የሚስበውን አይነግርም። የመሳብ ኃይል የሚለካው በኪሎ ፓስካል ነው። የአየሩ ፍሰት ደግሞ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሆነ ይጻፋል። ሁለቱም ካርቶኑ ወይም ማሽኑ ላይ ከሌሉ ተጠራጠሩ።

እዚህ ላይ የጎንደር ከፍታ ይገባል። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቫኪዩም የሚሠራው በአየር ስለሆነ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ኃይል ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን እዚህ አታገኙትም። 18 ኪሎ ፓስካል የሚል ማሽን እዚህ 14 አካባቢ ቢሰጣችሁ ነው። ለመኪና ወንበርና ምንጣፍ እንግዲህ 20ና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ብትፈልጉ ይሻላል። ሳሳ ያለ አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ያለ እረፍት አታስጩኹት።

ከመኪናው ሲጋራ ማቀጣጠያ ላይ የሚሰካው ትንሹ ባለ 12 ቮልትስ? የዚያ መስመር ፊውዝ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው። ቢበዛ 120 ወይም 180 ዋት ማለት ነው። የዳቦ ፍርፋሪ ያነሳል። ከምንጣፍ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ግን አያወጣም፤ ውሃማ አይታሰብም።

አፉንም እዩ። ሰፊው የወለል አፍ ለሳሎን ነው። ለመኪና የሚያስፈልገው በወንበሩ ሐዲድ መካከል የሚገባ ቀጭን አፍ እና ለወንበር የሚሆን ጠባብ አፍ ነው። ቱቦው በጣም ከረዘመ ኃይል ይበላል። በጣም ካጠረ ደግሞ ማሽኑን በሩ ላይ ስትጎትቱ ቀለም ትልጣላችሁ።

«ውሃ እየሳበ ድንገት ድምጹ ቀጠነና አቆመ»

አልተበላሸም። ባልዲው ሞልቷል። ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ወጥቶ የአየሩን መንገድ ዘግቶታል። ሥራው ይኸው ነው። አጥፉት፣ ድፉት፣ ቀጥሉ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ስለሚመዝን ከስሩ ማፍሰሻ ያለውን ማሽን መግዛት ወገብ ያድናል።

«ከኋላው አረፋ ተፋ»

ይሄ ግን አደገኛ ነው። ኳሱ ውሃን ያቆማል እንጂ አረፋን አያቆምም። ኦሞ ወይም ላርጎ አብዝታችሁ ወንበሩን ካሻችሁት፣ ያ ሁሉ አረፋ ባልዲው ውስጥ ይነፋና በኳሱ ጎን አልፎ ሞተሩ ጋ ይደርሳል።

ወዲያው አጥፉና ስፒናውን ንቀሉ። ክዳኑን ከፍታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አቆዩት። «ትንሽ ላስነሳው፣ ራሱ ያደርቀዋል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አትስሙት። ለሚቀጥለው ጊዜ ሳሙናውን በጣም ቀንሱ፤ በጨርቅ ወይም በብሩሽ አሽታችሁ አረፋው ሲረግፍ ሳቡት። ባልዲው ስር ትንሽ አቼቶ ማፍሰስም አረፋውን ይቀንሳል።

ውሃ ከመሳባችሁ በፊት የወረቀቱን ፊልትሮ አውጥታችሁ የስፖንጁን መተካት እንዳትረሱ። ወደ ደረቅ ሥራ ስትመለሱ ደግሞ በተቃራኒው። ስፖንጅ ብቻ ይዞ አቧራ የሳበ ማሽን አቧራውን ሞተሩ ውስጥ ከትቶ የቀረውን በጀርባው መኪናው ላይ ይረጨዋል።

ሱቅ ውስጥ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሚስበው አየር ነው ወይስ ለብቻው በሚገባ አየር? ለብቻው ከሆነ እርጥብ አየር ሞተሩ ላይ አያልፍም። ለእርጥብ ሥራ የሚመረጠው እሱ ነው። ሻጩ ካላወቀ ራሳችሁ የሞተሩን ቤት ዙሩት። ከሳበው አየር መውጫ ሌላ ለሞተሩ ብቻ የተተወ የአየር መግቢያ ይኖረዋል።

«ወንበሩን አጥቤ ሳብኩት፤ በሦስተኛው ቀን ሸተተ»

የዚህ ማሽን ሥራ መሳብ ነው፤ ውሃ የሚረጨውና መልሶ የሚስበው ሌላ ማሽን ነው። ስለዚህ ምን ያህል ውሃ እንደምታፈሱ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሰው ደግሞ በባልዲ ያፈሳል። ውሃው ጨርቁን አልፎ የወንበሩ ስፖንጅ ውስጥ ከገባ ማንኛውም ቫኪዩም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም።

በመርጫ ብቻ አርጥቡ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ወንበር። ጠባቡን አፍ ጨርቁ ላይ ጫን አድርጋችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ጎትቱ። በፍጥነት የተጎተተ አፍ ውሃውን ትቶት ያልፋል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ወንበር አትጠቡ። ጠዋት ሠርታችሁ በሮቹን ክፍት አድርጋችሁ ንፋስ ይምታው። ከወንበሩ ስር ሽቦ አለ፤ በተለይ የኤርባግ ቢጫ መጋጠሚያ ያለበት መኪና ከሆነ እዚያ ውሃ አትርጩ። በረኪናም አይነካው፤ ጨርቁን ያነጣዋል።

ገጠር ሄዶ ቅቤ የተጫነበትና የፈሰሰበት መኪና ለብቻው ነው። ቅቤን ቫኪዩም አያሸንፈውም። መጀመሪያ የረጋውን በማንኪያ ጀርባ ፋቁ፤ ከዚያ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፤ መሳቡ መጨረሻ ላይ ነው። ወተትም እንዲሁ ቶሎ ካልተያዘ ሽታው ለወራት አይለቅም።

«ሶኬቱ ይግላል፤ ብሬከሩ ይወርዳል»

1,400 ዋት ማሽን በ220 ቮልት ከ6 አምፔር በላይ ይስባል። ቀጭን ሽቦ ያለው ማከፋፈያ ይህን አይችልም። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተጠቀሙ። በጥቅልል ላይ የተጠቀለለ ከሆነ ሙሉውን ፍቱት፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይግላል። መብራት ሲጠፋ በጄነሬተር የምትሠሩ ከሆነ ሞተሩ ሲነሳ ከተጻፈበት በላይ ስለሚስብ የጄነሬተሩ አቅም ሰፋ ማለት አለበት።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ማሽን ካላችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 120 ቮልት ከሆነ እዚህ ሶኬት ላይ ሰክቶ ማስነሳት ማቃጠል ነው። የስፒናውን ቅርጽ የሚቀይረው ትንሽ ማስተካከያ ቮልቱን አይቀንስም። ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ አቅሙም ከማሽኑ ዋት የሚበልጥ። ዋጋውንና ክብደቱን ስታስቡት ስጦታው ብዙም ነጻ አይደለም።

«እየሠራ በራሱ ጠፋ»

ፊልትሮው ተዘግቶ ሞተሩ ሲግል ብዙ ማሽኖች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ንቀሉት፣ ፊልትሮውን አጽዱ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያም ካልተነሳ፣ ወይም ከመጥፋቱ በፊት ሰማያዊ ብልጭታና የተቃጠለ ሽታ ከነበረ፣ ካርቦኑ (ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል መብራት የሚያቀብለው ብሩሽ) አልቆ ሊሆን ይችላል። ካርቦን መቀየር ቀላል ጥገና ነው። ልኩ መገኘቱን ግን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

«ነዘረኝ»

በደረቅ አየር አቧራ በፕላስቲክ ቱቦ ሲያልፍ አንዴ ቸብ የሚያደርግ ንዝረት ይፈጠራል፤ አይጎዳም። ሳያቋርጥ የሚነዝር ከሆነ ግን መብራት እየፈሰሰ ነው። እጃችሁም መሬቱም እርጥብ ነው። እዚያው አቁሙ፤ ሳይጠገን አታስነሱት።

በጀሪካን ቤንዚን የተጫነበትና የፈሰሰበት መኪና ከመጣላችሁ ቫኪዩም አታቅርቡ። ሞተሩ ውስጥ ካርቦኑ ብልጭታ ይፈጥራል፤ የቤንዚን ትነት ያንን ካገኘ ሊፈነዳ ይችላል። በጨርቅ አድርቁት፣ በሮቹን ከፍታችሁ ንፋስ ይውሰደው። የጋለ ከሰልና አመድም እንዲሁ አይሳብም።

ሱቅ ስትሄዱ ጀሪካን ውሃ ያዙ። ደረቁን በመዳፍ፣ እርጥቡን በውሃ አስሞክሩ፤ ኳሱ መዝጋቱን እስክታዩ ባልዲውን ሙሉት። ከዚያ ሻጩን ተጨማሪ ፊልትሮ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት። «ይመጣል» ካለ፣ ሲመጣ ተመለሱ።